ከዝናብ ሽሽት ወደ በጋ? ከአርሲ ደጋ የተሰጠ ምላሽ

በአገራችን የበጎ አድራጎት ማኅበራት ዘንድ እንደ ደንብ ተይዞ የኖረ ምክር አለ። የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት በበጋ ይደረግ፤ ክረምት ላይ ከወደቀ ይራዘም፤ ማራዘም ካልተቻለ አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴል አዳራሽ ይከራዩለት፤ ይህም ካልሆነ በስልክና በኢንተርኔት ይተካ። በሥልጠና መድረክ፣ በማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ፣ ለለጋሽ በሚቀርብ ዕቅድ ውስጥም የሚደገመው ይኸው ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት እንከን የለውም። ሐምሌ ላይ ሰው ሜዳ ሰብስቤ ቶምቦላ ልሽጥ ለሚል አዘጋጅ ማን ያዝንለታል?

ምክሩ ሁልጊዜ ይሳሳታል ብዬ አልከራከርም። ችግሩን ያለቦታው ይፈልገዋል ነው የምለው። ዝናብ የሚያበላሸው ዝግጅቱን ነው። ገቢውን የሚያጠፋው ግን ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሰበሰባል ተብሎ መታቀዱ ነው። እንዲህ የታቀደ ዝግጅት ወደ በጋ ቢዛወር አደጋውን ይዞት ይዛወራል። አሰላና በዙሪያዋ ያለው የአርሲ ደጋ ይህን ለመመርመር ይመቻል፤ እዚያ በጋውም ክረምቱም አዲስ አበባ ተቀምጠው እንደሚያስቡት አይደለምና።

በመጀመሪያ በጋውን እንየው። አሰላ በጭላሎ ተራራ ጥግ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጭላሎ ራሱ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በዙሪያዋ ያሉት ጢዮ፣ ሄጦሳ፣ ዲገሉና ጢጆ፣ ሌሙና ቢልቢሎ ወረዳዎች የስንዴና የገብስ አገር ናቸው። ስንዴው በብዛት የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ገበሬው የኮምባይነር ወረፋ ሲጠብቅ፣ ነጋዴው እህል ሲያስጭን፣ ባለሱቁ ዱቤውን ሲያስመልስ ነው የሚውለው። ገንዘቡ አለ፣ ሰው የለም። ጥር ሲገባ ጥምቀት ይከተላል፤ ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ነው። ለአንድ ቅዳሜ ሦስት የሠርግ ጥሪ የደረሰው ሰው ለአራተኛ ድንኳን የሚተርፍ ኪስ የለውም። የካቲት ላይ ደግሞ በ2018 ዓ.ም. እንደሆነው ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ሊገቡ ይችላሉ፤ የምሳ ግብዣ ያለበት ዝግጅት ያን ጊዜ ለማን ይቀርባል? ብዙም ሳይቆይ የበልጉ ዝናብ ይጀምራል። ዕቅድ ላይ ግማሽ ዓመት የሚመስለው በጋ በጣት ሲቆጠር ጥቂት ቅዳሜና እሑዶች ብቻ ይሆናል፤ እነሱንም ማኅበሩ ሁሉ ይሻማባቸዋል።

በጋውም ቢሆን ቃሉን አይጠብቅም። በ2012 ዓ.ም. መኸር የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከልማዱ በላይ በመሞቁ ምሥራቅ አፍሪካ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ለብዙ ዓመታት ያላየችውን ዝናብ አየች። የደረሰ ሰብል ሳይበሰብስ ይሰብሰብ የሚለው ጥሪ በየመገናኛ ብዙኃኑ የሚሰማው እንዲህ ባለው ዓመት ነው። ኅዳርን «ደረቅ ወር» ብሎ መድረክ የተከራየ አዘጋጅ በእንዲህ ያለው ዓመት ከሐምሌው አዘጋጅ የባሰ ይጎዳል፤ የሐምሌው ቢያንስ ድንኳን ይዟል።

የበጋው ምክር ደጋፊዎች ሁሌም የሚጠሩት ምሳሌ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ ያቋቋመው ይህ ሩጫ ኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10,000 ሯጮች ሲጀመር ወሩ በጥንቃቄ መመረጡ አያጠያይቅም። ነገር ግን የሩጫውን ጥንካሬ ከወሩ ብቻ ማየት አሠራሩን አለማየት ነው። የታላቁ ሩጫ ትኬት ቲሸርቱ ነው፤ ቲሸርቱም ከሩጫው ቀን አስቀድሞ ተሸጦ ያልቃል። ለበጎ አድራጎት የሚሰበሰበው ገንዘብም ከዕለቱ በፊት ባሉት ሳምንታት መሰብሰብ ይጀምራል። በዕለቱ ሰማይ ቢቀደድ የሚበላሸው ሩጫው እንጂ ገቢው አይደለም። የኮሮና ወረርሽኝ ባመጣው ችግር ውድድሩ ከኅዳር ወደ ጥር 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲገፋም ውድድሩ ሞቶ አልቀረም። ከዚህ የምንማረው «ኅዳር ላይ አድርጉ» የሚለውን ሳይሆን «ሳትሮጡ በፊት ሰብስቡ» የሚለውን ነው።

ሁለተኛው የምክሩ ድክመት የችግሩን ወቅት መርሳቱ ነው። ችግር በጋ እስኪመጣ አይጠብቅም። ድሬዳዋን ጎርፍ የመታው ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው፤ በጎፋ ዞን የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ከክረምቱ ልብ ላይ ናቸው፤ ገንዘቡም የተሰበሰበው ክረምት ላይ ነበር፣ ሌላ ምርጫ አልነበረምና። ወደ ዕለት ተዕለቱ ስንመለስም ያው ነው። የደጋው ገበሬ ጎተራ የሚጎድለው ሐምሌና ነሐሴ ነው። የእህል ዋጋ የሚወጣውም ያኔ ነው። ደብተርና የደንብ ልብስ የሚያስፈልገው ለመስከረም ነው። ጥር ላይ የተሰበሰበ ጥሬ ገንዘብ ሐምሌ እስኪደርስ በባንክ ሲቀመጥ የዋጋ ንረቱ ይሸራርፈዋል።

እዚህ ላይ ከአርሲ የሚገኝ አንድ መላ አለ፤ ከከተማ ለመጣ አማካሪ ብዙም አይታየውም። መዋጮው ታኅሣሥ ላይ በስንዴ ይሰብሰብ፣ ሐምሌ ላይ ይሸጥ። ገበሬው ምርቱ በእጁ ባለበትና ዋጋው በወደቀበት ወር በቁና መስጠት አይከብደውም፤ ማኅበሩ ደግሞ ዋጋው በተወደደበት ወር ይሸጣል። ከወለል ከፍ ያለ ርብራብ፣ የማያፈስ ጣሪያና ነቀዝ የሚከላከል ሰው ያስፈልገዋል፤ ያለ ወጪ አይሆንም። ቢሆንም በዝናብ የሚሰረዝ ነገር የለውም።

ከሁሉ ይልቅ በጋ በጋ የሚለውን ምክር የሚያፈርሰው የሕዝቡ የራሱ የመስጠት ልማድ ነው። አርሲ ውስጥ ብዙው ሰው ሙስሊም ነው። የእስልምና የዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ስለሆነ በዓላቱ በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራሉ። ረመዳን ክረምት ላይም ይውላል፣ በጋ ላይም ይውላል። ዘካተል ፊጥር የሚሰጠው ከዒድ ሶላት በፊት ነው፤ ሶላቱ ካለቀ በኋላ የተሰጠ እንደ ተራ ሰደቃ ይቆጠራል። ዝናብ ቢመጣ ሶላቱ ከሜዳ ወደ መስጊድ ይገባል፤ ስጦታው ግን ቀድሞ ከሚገባው ሰው እጅ ደርሷል። የሰብል ዘካም እንዲሁ ነው፤ መጠኑ ለሞላ ገበሬ በዝናብ ከበቀለው ከአሥር አንድ፣ በመስኖ ከለማው ከሃያ አንድ ተብሎ በአጨዳ ቀን ይወጣል። መድረክ የለው፣ የክብር እንግዳ የለው። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄደው ምእመንም ዐረፋ ክረምት ላይ ዋለ ብሎ ጉዞውን ለበጋ አያስተላልፍም። በክርስቲያኑም በኩል የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ አንዱ ታኅሣሥ 19፣ ሌላው ሐምሌ 19 ነው። ሐምሌ 19 ቀን ጭቃውን ረግጦ ስለቱን የሚያገባው ሕዝብ የአየር ትንበያ ጠይቆ አይነሣም።

እድርም ይህንኑ ያስተምራል። ሞት ወቅት አይመርጥም፤ ስለዚህ የእድር ገንዘብ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አይሰበሰብም። በየወሩ ሲከፈል የኖረው አስቀድሞ ሣጥኑ ውስጥ አለ። ነሐሴ ላይ ሰው ቢሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈርለታል፣ አግዳሚው ይደረደራል። ያልመጣ ይቀጣል። የማኅበረሰብ አደረጃጀትን የሚያጠኑ ብዙዎች እድርን ለመተሳሰብ ምሳሌነቱ ያደንቁታል፤ እኔ ደግሞ ለገንዘብ አያያዙ አደንቀዋለሁ። ገንዘቡንና ስብሰባውን ለይቶ ይይዛል፤ ክረምትን የሚችለው በዚህ ነው።

ከልማዱ ወጥተን ትልቁን ምሳሌ ብናነሣም ያው ነው። ለሕዳሴ ግድብ ከ2003 እስከ 2017 ዓ.ም. በቦንድ ግዢ፣ በ8100 አጭር መልእክትና ከክልል ክልል በዞረው ዋንጫ የተሰበሰበው ገንዘብ በአንድ ቀን ዝግጅት ላይ ተንጠልጥሎ አልነበረም። ግድቡ የተመረቀውም ጳጉሜን 4 ቀን ነበር፤ ክረምቱ ገና ሳይወጣ።

አሁን ወደ ሰማዩ እንመለስ። አዘጋጆች ወር ሲቆጥሩ ሰዓትና ከፍታን ይረሳሉ። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ የክረምት ዝናብ በብዛት የሚጥለው ከቀትር በኋላና ወደ ማታ ነው፤ ጠዋት የሞቀው አየር ወደ ተራራው ወጥቶ ይደምናል፣ ከሰዓት ይወርዳል። በረዶውና መብረቁም ያኔ ይበዛሉ። ሐምሌ ውስጥ እንኳ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አሰላ ላይ ፀሐይ የሚታይበት ቀን ጥቂት አይደለም። እንዲህ ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚጀመር ዝግጅት ለምን በዝናብ ይበተናል? ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥሪው ላይ 2 ሰዓት ይጻፋል፤ ሰው 3 ሰዓት ተኩል ይመጣል፤ የክብር እንግዳው 5 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፤ የመክፈቻ ንግግር፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የምስጋና ንግግር ይከተላል፤ ጨረታው ሲጀመር 8 ሰዓት ሆኗል፤ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ተሰምቷል። በሪፖርቱ ላይ «በአየር ጠባይ ምክንያት» ተብሎ ይጻፋል። ሰማዩ ግን ሰዓቱን አክብሯል።

የከፍታው ነገር ከሰዓቱ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ በጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በተለምዶ ካዱ በሚባለው፣ ታሪክ ውስጥ ስሟ ደጋግሞ የሚነሣው ቁሉምሳ ከአሰላ አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። ሆኖም የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ያለበት ቦታ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የሚያገኘው ዝናብ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ከጥቂት በላይ ነው፤ አሰላ ግን ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ወደ አዳማ የሚወስደውን አስፋልት ይዘው ወደ ዴራ ከወረዱ የስምጥ ሸለቆው ቆላ ነው፤ የዶዶታ ገበሬ የሚያማርረው ዝናብ በማነሱ ነው። በተቃራኒው ወደ በቆጂ ቢወጡ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳሉ፤ እዚያ ብርዱ ራሱ ሰውን ይበትናል። ስለዚህ «ለአርሲ ዞን ዝናብ ይጠበቃል» የሚል ትንበያ ለአዘጋጅ ብዙም አይጠቅመውም። ሁለት ወር ከማራዘም ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁል መውረድ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ተለዋጭ ቀን የያዙ ዕቅዶች ሞልተዋል፤ ተለዋጭ ቦታ ብሎ ዝቅ ያለ ቀበሌ የያዘ ዕቅድ ግን እንብዛም አይገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላል አይደለም። ገንዘብ የሚገኘው በዕለቱ ሞቅታ ነው ይላሉ። አዳራሹ ሲሞላ፣ ስም ሲጠራ፣ አንዱ 50,000 ብር ሲል ሌላው 60,000 ሲል፣ ቤቱ ቢቀመጥ ሁለት መቶ ብር የሚሰጠው ሰው ሃያ ሺህ ይሰጣል። እውነት ነው፤ እኔም አልክደውም። ነገር ግን በሞቅታ የተገባ ቃል ሁሉ ገንዘብ ሆኖ ባንክ አይገባም። ቃል የተገባውን ለማስገባት ወራት ደጅ የጠና የሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ማኅበር እምብዛም የለም። ደግሞም ሞቅታ አንድ ትልቅ መድረክ ብቻ የሚወልደው ነገር አይደለም። በየወረዳው፣ በየእድሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በሃያና በሠላሳ ሰው የሚደረግ ስብሰባ ሞቅታው ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ ሰው የሚሽቀዳደመው ከሚያውቀው ሰው ጋር ነውና። አንዱ በዝናብ ቢቀር ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ትልቁ ቀን የተሰበሰበው የሚነገርበት፣ የተሠራው የሚታይበት ይሁን።

«ኢንተርኔት ይተካዋል» የሚሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ነገር አቅልሏል፤ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በ2017 ዓ.ም. በቀጥታ ስርጭት ያሰባሰበው ድጋፍም መንገዱ እንደሚሠራ አሳይቷል። ግን የመቄዶንያ ጥሪ የቆመው ለዓመታት በታየ ሥራና በሕዝብ ዘንድ በተገነባ አመኔታ ላይ ነው። የአሰላ ትንሽ ማኅበር ያን ታዳሚ ከየት ያመጣል? በዚያ ላይ ዝግጅቱን የሚበትነው መብረቅ ብዙ ጊዜ መብራቱንና ኔትወርኩንም ይዞ ነው የሚሄደው። በዝናብ ምክንያት ወደ ስልክ የዞረ ዝግጅት በዚያው ዝናብ ስልኩን ያጣል። ስልኩ ጠቃሚ የሚሆነው አስቀድሞ፣ በደረቁ ቀን፣ በየሳምንቱ ሲሰበሰብበት ነው።

ከውጭው ዓለም ሁለት ነገር ብቻ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 መጨረሻ ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ዮርክን ከመታ በኋላ የከተማዋ ባለሥልጣናት ማራቶኑ ይደረጋል እያሉ ቆይተው ሊሮጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰረዙት። ከ40,000 በላይ ሯጭ ይጠበቅ ነበር፤ ብዙው ከተማዋ ገብቶ ነበር። ቁጣው የመጣው ከመሰረዙ ይልቅ ከመዘግየቱ ነው። የሚያስገርመው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሊሮጡበት በነበረው እሑድ ብዙ ሯጮች ቦርሳቸውን ብርድ ልብስና ምግብ ሞልተው በመርከብ ወደ ስታተን አይላንድ ተሻገሩ፤ ውሃ የገባባቸውን ቤቶች ሲያጸዱ ዋሉ። ዝግጅቱ ቀርቶ ዓላማው አልቀረም። ሁለተኛው ለንደን ነው። የ2020 የለንደን ማራቶን በወረርሽኙ ምክንያት መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በዝናብ በሴንት ጄምስ ፓርክ ሲደረግ የእኛው ሹራ ቂጣታ አሸነፈ፤ በጎዳናው ላይ የነበሩት ግን ምርጥ ሯጮች ብቻ ነበሩ። ሌላው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በያለበት ሰፈር ርቀቱን ሮጦ ለየበጎ አድራጎት ድርጅቱ ገንዘብ አሰባሰበ። አርሲ ደጋ ላይ ሩጫ የማያውቅ ቀበሌ የለም። በአሰላ የሚታቀድ የበጎ አድራጎት ሩጫ ሰውን ሁሉ ወደ አንድ ስታዲየም ከመጥራት በየትምህርት ቤቱ በየራሱ ጠዋት ቢሮጥ አንድ ደመና ሁሉንም አይሰርዘውም።

ይህ ሁሉ ሲባል ዝናብን መድፈር ጀግንነት ነው ማለቴ አይደለም። መሰረዝ ያለበት ዝግጅት አለ፤ ሲሰረዝም ያለ ማመንታት ይሰረዝ። መብረቅ ብልጭ ካለበት እስከ ነጎድጓዱ ያለው ጊዜ ከ30 ሰከንድ ካነሰ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና መግባት አለበት፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠበቃል። የሸራ ድንኳን መጠለያ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ሥር መቆም ደግሞ ከሜዳው ይከፋል። ልጆች ያሉበት ዝግጅት ላይ ይህን የሚወስነው ሰው ከቀደመው ሳምንት ጀምሮ በስም መታወቅ አለበት። በእኛ አገር ችግሩ ብዙ ጊዜ ውሳኔው የማንም አለመሆኑ ነው፤ ሊቀመንበሩ የክብር እንግዳውን ያያሉ፣ የክብር እንግዳው ሊቀመንበሩን ያያሉ፣ በረዶው ሁለቱንም ይመታል።

ሌላው ከተሰረዘ በኋላ ያለው ነገር ነው። ትኬት ገዝቶ ዝግጅቱ የቀረበት ሰው ገንዘቡ የት እንደደረሰ የሚነግረው አጥቶ ሲቀር ማኅበሩ የሚያጣው የአንድ ቀን ገቢ ብቻ አይደለም። ዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገቢ እንዲያሰባስቡ በር ከፍቷል፤ በዚያው መጠን የአስተዳደር ወጪያቸው ከገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። ሁለት ጊዜ የተከፈለ የመድረክ ኪራይ፣ ሁለት ጊዜ የታተመ ጥሪ፣ ሁለት ጊዜ የታረደ በሬ ለየትኛውም ማኅበር ሒሳብ ጤና አይሰጥም። «ይራዘም» የሚለው ቃል ሲነገር ነፃ ይመስላል፤ ሒሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው።

ስለዚህ ለአሰላና ለአካባቢዋ ማኅበራት አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። የሚቀጥለውን ዕቅድ ስታወጡ በየትኛው ወር ይሁን ብላችሁ አትጀምሩ። ከሚጠበቀው ገቢ ስንት እጁ ከዕለቱ በፊት ይገባል ብላችሁ ጀምሩ። መልሱ ከግማሽ በታች ከሆነ፣ ወሩ ኅዳርም ይሁን ሐምሌ፣ ያ ዝግጅት ገና አልታቀደም፤ ጉባኤው መልሶ ይላከው።